አሥረኛው ጉባኤና እጃቸውን ያወጡ ሰዎች

እ.ኤ.አ. ማርች 8 ቀን 1921 የሩሲያ ኮሚኒስት ፓርቲ አሥረኛ ጉባኤ ሞስኮ ላይ ሲከፈት ድምፅ የመስጠት መብት ያላቸው 694 ልዑካን ነበሩት። መናገር እንጂ ድምፅ መስጠት ያልተፈቀደላቸው 296 ሰዎችም አብረው ተቀምጠዋል። ከ730 ሺህ በላይ አባላትን ወክለው የመጡ ናቸው። የእርስ በርስ ጦርነቱን አሸንፈዋል፤ «ነጮች» የተባሉት የቦልሼቪኮች ተቃዋሚዎች የመጨረሻ ጄኔራል ቭራንጌል ከአራት ወር በፊት ወታደሩን መርከብ ላይ ጭኖ ከክራይሚያ ሸሽቷል። ጉባኤው የድል ጉባኤ መሆን ነበረበት። በዚያው ዕለት ንጋት ላይ ግን የቀይ ጦር ወታደሮች በበረዶ ላይ ተራምደው የገዛ ባሕር ኃይላቸውን ምሽግ ሊይዙ ሞከሩና ተመትተው ተመለሱ።

ስለዚህ ጉባኤ መጀመሪያ የሰማሁት በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ሌኒንግራድ ተማሪ ሳለሁ ነው። በሶቪየት ዩኒቨርሲቲ የፓርቲው ታሪክ ራሱን የቻለ ትምህርት ነበር፤ መሐንዲስ ይሁን ሐኪም፣ ተማሪው ሳይፈተነው አይመረቅም። መማሪያ መጽሐፋችን አሥረኛውን ጉባኤ በጥቂት ገጾች ይጨርሰዋል፦ ፓርቲው ከገበሬው ጋር ታረቀ፣ አንድነቱንም አጸና። የክሮንሽታት ዓመፅ የነጭ ጄኔራሎች ሴራ ነበር፤ ተደመሰሰ። በቃ። ሙሉው ቃለ ጉባኤ ግን በ1963 ሞስኮ ላይ ታትሞ ነበር። ወፍራም ጥራዝ ነው፤ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ለጠየቀ ሁሉ ይሰጣል፤ ጠያቂ አልነበረውም እንጂ። እኔ ያወጣሁት ከታሪክ ፍቅር ይልቅ ሩሲያኛዬን ላሻሽልበት ብዬ ነው። የሰው ንግግር በቃል በቃሉ ስለተጻፈ ሳቁም፣ ጭብጨባውም፣ ከአዳራሹ የሚወረወረው ነገርም በቅንፍ ገብቷል። መማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ስማቸው የተዘለለ ሰዎች እዚህ ገጽ በገጽ ይናገራሉ። ከዚያ ወዲህ ሀገሬ ተመልሼ ታሪክ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ወደዚያ ጥራዝ ሳልመለስ አልቀረሁም።

ጉባኤው የተቀመጠባት ሀገር ምን ትመስል እንደነበር ጥቂት ልበል። የጦርነት ኮሚኒዝም የሚባለው ሥርዓት ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ከተማውን የሚቀልብ እህል ከገበሬው የሚወሰደው በግዳጅ ነው፤ የታጠቀ ቡድን መንደር ገብቶ «ትርፍ» ያለውን ጠርጎ ይሄዳል። ገበሬውም ዘዴውን አወቀ፤ የሚዘራውን ቀነሰ። ከተማ ውስጥ ዳቦ በራሽን ነው፤ በጃንዋሪ 1921 ደግሞ ራሽኑ በሞስኮም በፔትሮግራድም በሲሶ ተቀነሰ። ከአብዮቱ በፊት ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው ይኖርባት የነበረችው ፔትሮግራድ ነዋሪዋ ወደ 700 ሺህ ገደማ ወርዷል፤ የቀረው ወይ ሞቷል ወይ ዘመድ ፍለጋ ገጠር ገብቷል። እህል ለመሸመት ከተማ ወጥቶ የሚመለሰውን ሰው መንገድ ላይ የሚፈትሹ ኬላዎች ነበሩ፤ የያዘውን ቋጠሮ ይወርሱበታል። በታምቦቭ አውራጃ ገበሬው በአንቶኖቭ መሪነት ጠመንጃ አንሥቷል።

የደርግን ዘመን ለሚያስታውስ አንባቢ ይህ እንግዳ ወሬ አይደለም። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ለገበሬው ማኅበር ኮታ የሚመድብበት፣ ጤፍ ከአንድ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው ያለ ፈቃድ እንዳያልፍ ኬላ ላይ የሚፈተሽበት ጊዜ ነበር። የእኛው በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ቀረ።

በፌብሩዋሪ መጨረሻ የፔትሮግራድ ፋብሪካዎች ሥራ አቆሙ። የከተማዋ አለቃ ዚኖቪየቭ ወታደራዊ አዋጅ አወጀ። ከከተማዋ በስተ ምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በፊንላንድ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ኮትሊን የሚባል ደሴት አለ፤ ክሮንሽታት የተባለው የባሕር ኃይል ምሽግ እዚያ ላይ ነው። በ1917 አብዮቱን በማገዝ ማንም የማይወዳደራቸው የክሮንሽታት መርከበኞች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች «ከተማው ምን ሆኗል?» ብለው መልእክተኛ ላኩ። መልእክተኞቹ ተመልሰው ያዩትን ሲያወሩ ፔትሮፓቭሎቭስክ የተባለችው የጦር መርከብ ባልደረቦች 15 ነጥብ ያለው የአቋም መግለጫ አወጡ። ሶቪየቶች በምስጢር ድምፅ እንደገና ይመረጡ፤ ለሠራተኛና ለገበሬ፣ ለአናርኪስቶችና ለግራ ሶሻሊስት ፓርቲዎች የመናገር ነጻነት ይሰጥ፤ ራሽን ለሁሉም እኩል ይሁን፤ ኬላዎቹ ይነሡ፤ ገበሬው ሰው ሳይቀጥር መሬቱን እንደፈለገ ይረስ። የንጉሡን መንግሥት መልሱልን የሚል ነገር የለበትም።

ማርች 1 ቀን 15 ሺህ ያህል ሰው በደሴቲቱ የመልሕቅ አደባባይ ተሰበሰበ። የሶቪየት ርእሰ ብሔር ካሊኒን ራሱ መጥቶ ተናገረ፤ አንጓጠጡት፤ በሰላም ግን ሸኙት። በማግስቱ ፔትሪቼንኮ በሚባል የመርከብ ጸሐፊ የሚመራ ጊዜያዊ አብዮታዊ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሞስኮ «የጄኔራል ኮዝሎቭስኪ ዓመፅ» ብላ ሰየመችው፤ ኮዝሎቭስኪ የቀድሞ የዛር ጄኔራል መሆኑ እውነት ነው፤ ምሽጉ ላይ የመድፍ አዛዥ አድርጎ ያስቀመጠው ግን ራሱ ቀይ ጦር ነበር።

በበጋ ወደ ፒተርጎፍ ስንሄድ አየሩ ጥርት ያለ ከሆነ የክሮንሽታት ካቴድራል ጉልላት ከባሕሩ ማዶ ይታያል። መሄድ ግን አይቻልም ነበር፤ የባሕር ኃይል ከተማ ስለሆነች ለውጭ ሰው ዝግ ነበረች። የርቀቱን ነገር የተረዳሁት ከዚያ ዳርቻ ቆሜ ነው። በጣም ቅርብ ናት። በማርች ባሕሩ ግግር በረዶ ስለሆነ በእግር ይደረሳል፤ በረዶው ከቀለጠ ግን ያኔ ደሴቲቱ በመርከብ ካልሆነ አትደረስም፤ በበረዶ የተያዙት ሁለቱ ትልልቅ የጦር መርከቦችም ተፈትተው መድፋቸውን እንደፈለጉ ያዞራሉ። የሞስኮ ጥድፊያ ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው። የአየሩ ሙቀት የፖለቲካ ጉዳይ ሆነ።

የመጀመሪያው ጥቃት ከሸፈ በኋላ ከጉባኤው ልዑካን 300 ያህሉ ስብሰባውን አቋርጠው በባቡር ወደ ግንባሩ ተላኩ። ወታደሩ «በወንድሞቻችን ላይ አንተኩስም» ማለት ጀምሮ ስለነበር ሥራቸው በዋነኛነት እሱን ማበርታት ነበር። በኋላ ማርሻል የሆነው ቮሮሺሎቭ አብሮ ሄደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በርሊን ከገቡት የሶቪየት አዛዦች አንዱ የሆነው ኮኔቭ ያኔ የ23 ዓመት ልዑክ ነው። የ19 ዓመቱ ፋዴየቭ፣ በኋላ ታዋቂ ደራሲ የሆነው፣ እዚያው ቆሰለ። ትኩረቴን የሳበው ግን ሌላ ነው፤ በአዳራሹ ውስጥ ሌኒንን ሲሞግቱ የነበሩት ተቃዋሚ ልዑካንም ለመዝመት ፈቃደኛ ሆኑ። ቡብኖቭ ከተቃዋሚዎቹ ወገን የዴሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት የሚባለው ቡድን አባል ነበር፤ ሄደ። የመርከበኞቹን ጥያቄ ግማሽ ያህሉን በፓርቲ ቋንቋ ሲናገሩ የሰነበቱ ሰዎች መርከበኞቹን ለመምታት ነጭ ካባ ለብሰው በረዶ ላይ ወጡ።

የቀይ ጦር አዛዡ ቱካቼቭስኪ የመራው የመጨረሻው ጥቃት የጀመረው በማርች 16 ለ17 ሌሊት ነው። ከ40 ሺህ በላይ ወታደር ተሰልፏል። ማርች 18 ምሽጉ ተያዘ፤ ከዓመፀኞቹ ወደ 8 ሺህ የሚሆኑት በበረዶው ላይ ተጉዘው ፊንላንድ ገቡ። ማርች 18 የፓሪስ ኮምዩን 50ኛ ዓመት ስለነበር ያን ዕለት በየከተማው በዓሉ ተከበረ።

ወደ አዳራሹ ልመለስ። ከጉባኤው በፊት ለወራት ፓርቲውን ሲያናውጥ የቆየው ክርክር የሠራተኛ ማኅበራት ጉዳይ ነው። ትሮትስኪ ማኅበራቱ የመንግሥት ክንድ ይሁኑ፣ እንደ ጦር ሠራዊት በሥርዓት ይመሩ ይላል። በተቃራኒው የሠራተኞች ተቃዋሚ ቡድን የሚባለው ኢንዱስትሪውን ራሳቸው ማኅበራቱ ያስተዳድሩ ይላል። የዚህ ቡድን መሪ አሌክሳንደር ሽሊያፕኒኮቭ ነው። እኔ ከዚያ ጥራዝ ውስጥ የወደድኩት እሱን ነው፤ አልደብቅም። ሙሮም በምትባል ከተማ ከጥንታዊ አማኞች ቤተሰብ የተወለደ፣ የብረታ ብረት ሠራተኛ፣ በስደት ፈረንሳይና እንግሊዝ ፋብሪካ ውስጥ የሠራ ሰው ነው። በፌብሩዋሪ 1917 ዛሩ ሲወድቅ ሌኒን ስዊዘርላንድ ነበር፤ ሽሊያፕኒኮቭ ግን ፔትሮግራድ ላይ የፓርቲውን ቢሮ ይመራ ነበር። የመጀመሪያው የሠራተኛ ጉዳይ ሕዝባዊ ኮሚሳርም እሱ ነው። የላብ አደር ፓርቲ በሚባለው አመራር ውስጥ የፋብሪካ መሣሪያ በእጁ ይዞ የሚያውቅ ሰው ብርቅ ነበር። አጋሩ አሌክሳንድራ ኮሎንታይ የጄኔራል ልጅ ናት፤ የቡድኑን አቋም በትንሽ መጽሐፍ ጽፋ ለጉባኤተኛው አሰራጨች። ቢሮክራሲው ፓርቲውን እየዋጠው ነው፣ ሠራተኛው ከአፉ ቃል እንዳይወጣ ፈርቷል ትላለች። ሌኒን መድረክ ላይ ወጥቶ መጽሐፏን ክፉኛ ወረፈው።

ሦስተኛው ወገን «የአሥሩ መድረክ» ይባላል፤ አሥር ሰዎች ፈርመውበታል፦ ሌኒን፣ ዚኖቪየቭ፣ ካሜኔቭ፣ ስታሊን፣ ቶምስኪ፣ ሩድዙታክ፣ ካሊኒን፣ ሎዞቭስኪ፣ ፔትሮቭስኪ፣ አርትዮም። ማኅበራት የኮሚኒዝም ትምህርት ቤት ናቸው የሚል መካከለኛ አቋም ነው። ድምፅ ሲሰጥ አሥሩ 336፣ ትሮትስኪ 50፣ የሠራተኞች ተቃዋሚ 18 አገኙ። ድምሩ ከ694 በእጅጉ ያነሰ ነው፤ ብዙዎቹ ያኔ ክሮንሽታት ፊት ለፊት ናቸው።

ማርች 15 የገበሬው ጉዳይ ቀረበ። በሀገር ሕይወት ከሁሉ የከበደው ውሳኔ ይህ ሆኖ ሳለ የወሰደው ሰዓት ጥቂት ነው። እህል መውረስ ቀርቶ በቁርጥ የታወቀ የዓይነት ግብር ይተካው፤ ከግብሩ የተረፈውን ገበሬው ሽጦ ይጠቀም። በግዳጅ ይሰበሰብ ተብሎ የነበረው 423 ሚሊዮን ፑድ እህል ነው፤ አዲሱ ግብር 240 ሚሊዮን ሆነ። በእኛ መለኪያ ከ69 ሚሊዮን ኩንታል ወደ 39 ሚሊዮን መውረዱ ነው። ብዙ ሰው ሌኒንን ክሮንሽታት አስደንግጦት ነው ይላል። ግን የመጀመሪያውን ረቂቅ የጻፈው ፌብሩዋሪ 8 ነው፤ መርከበኞቹ ከመነሣታቸው ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ። ትሮትስኪም ተመሳሳይ ሐሳብ ከዓመት በፊት አቅርቦ ተጥሎበታል። ክሮንሽታት የጉባኤውን አፍ ዘጋው ማለቱ ይሻላል፤ በሌላ ጊዜ ቢሆን «ወደ ካፒታሊዝም ልትመልሱን ነው» ብሎ የሚጮኸው ሁሉ ዝም አለ። ለቮልጋ ገበሬ ግን ረፍዷል፤ የዘር እህሉ ተወስዶበት፣ ድርቁ ተጨምሮበት፣ በዚያው ዓመትና በተከታዩ አምስት ሚሊዮን ያህል ሰው በረኃብ አለቀ።

የመጨረሻው ቀን ማርች 16 ነው። አዳራሹ ሳስቷል። ሌኒን ሁለት ውሳኔ ይዞ ቀረበ። አንዱ የሠራተኞች ተቃዋሚን አቋም «ሲንዲካሊስትና አናርኪስት ማፈንገጥ» ብሎ ይኮንናል። ሌላው «ስለ ፓርቲ አንድነት» ይላል፤ የራሱ መድረክና የራሱ ዲሲፕሊን ያለው ቡድን ሁሉ ባስቸኳይ ይፍረስ፣ አንጃ የፈጠረ ይባረር። ሰባተኛው ነጥብ ለሕዝብ የማይገለጽ ነበር፦ ማዕከላዊ ኮሚቴው፣ ተለዋጭ አባላቱና የቁጥጥር ኮሚሽኑ አንድ ላይ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ በጉባኤ የተመረጠን የማዕከላዊ ኮሚቴ አባል እስከ ማባረር ይችላሉ። የተቃወሙት ከ30 አይበልጡም።

ውሳኔው በተንኮል ያለፈ አይደለም። ሌኒን ራሱ ይህ የመጨረሻ እርምጃ ነው፣ የጊዜው አደገኛነት ያመጣው ነው ብሏል። ሪያዛኖቭ የተባለ የማርክስ ጽሑፎች ሊቅ ተነሥቶ «እንግዲያውስ ወደፊት የጉባኤ ልዑካን በመድረክ ተከፋፍለው እንዳይመረጡ ጨምረን እንከልክል» ሲል ሌኒን እምቢ አለ። ከጀርመን ጋር እንደተደረገው የብሬስት ሰላም ያለ መሠረታዊ ጉዳይ ፓርቲውን ከከፈለው በመድረክ መመረጥ ግድ ሊሆን ይችላል፣ የሚቀጥለውን ጉባኤ እጅ ከወዲሁ ማሰር አንችልም ብሎ ተከራከረ። ራዴክ የተባለ የፓርቲው መሪም ተናገረ። ይህ ሕግ አንድ ቀን በእኛው ላይ ሊዞር እንደሚችል እየተሰማኝ ነው፣ ሆኖም እደግፈዋለሁ አለ፤ በአደጋ ሰዓት ማዕከላዊ ኮሚቴው ምርጥ ጓዶችን እንኳ ይምታ፣ ይሳሳትም ቢሆን ከመወላወል ይሻላል የሚል ንግግር ነው። ያንን ገጽ ሳነብ ብዙ ጊዜ መጽሐፉን አጥፌ ተቀምጫለሁ። ወጥመዱን አይቶ፣ ስሙን ጠርቶ፣ ከዚያ እግሩን ያስገባ ሰው ነው። ምክንያቱን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ መድፍ እየተተኮሰ ነው፤ ከፓርቲው ውጭ ሕይወት አለ ብሎ የሚያስብ ሰው አዳራሹ ውስጥ የለም።

ሕጉ መጀመሪያ ላይ ጥርስ አልነበረውም። የቡድኑ አቋም በተኮነነበት በዚያው ጉባኤ ሽሊያፕኒኮቭ ለማዕከላዊ ኮሚቴ ተመርጧል፤ ልልቀቅ ሲልም ጉባኤው አልተቀበለውም። በኦገስት 1921 አንድ የመንግሥት ድንጋጌን በፓርቲ ሕዋስ ስብሰባ ላይ ነቀፈ ተብሎ ሌኒን በሰባተኛው ነጥብ ሊያባርረው ሞከረ። ለሁለት ሦስተኛው አንድ ድምፅ ጎደለ። በሚቀጥለው ዓመት ጉባኤ ላይ ሌኒን ሠራተኛው መደብ ተበትኖ እንደ መደብ የለም ቢል፣ ሽሊያፕኒኮቭ ተነሥቶ የሌለ መደብ ግንባር ቀደም በመሆንህ እንኳን ደስ አለህ አለው። እንዲህ ብሎ ቤቱ የሚገባበት ጊዜ ገና አላለፈም ነበር።

ያሳለፈው ስታሊን ነው። በጃንዋሪ 1924፣ ሌኒን ሊሞት ቀናት ሲቀሩት፣ በፓርቲው 13ኛ ኮንፈረንስ ላይ ምስጢር የነበረው ሰባተኛ ነጥብ ይታተም አለና ትሮትስኪ ላይ አወጣው። ለጊዜው ተብሎ የወጣው ክልከላ ተነሥቶ አያውቅም። በሌሎች ሀገሮች የተመሠረቱ ኮሚኒስት ፓርቲዎችም ሁሉ ወረሱት፤ የእኛው የ1960ዎቹ ትውልድ ድርጅቶችም ሩሲያን ከመጽሐፍ ሲማሩ ይህንንም አብረው ተማሩ፤ በ1969 ዓ.ም. «አንጃ» የተባለ ጓድ ምን እንደገጠመው በሕይወት ያሉ ሰዎች ያወራሉ።

የአሥሩን መድረክ ፈራሚዎች ዝርዝር አንድ ጊዜ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ለተማሪዎቼ ጽፌ ከየስሙ ጎን የሞቱበትን ዓመት አኖርኩ። አርትዮም በጁላይ 1921 በባቡር አደጋ፣ ሌኒን በ1924 በሕመም። ዚኖቪየቭና ካሜኔቭ በ1936 ተረሸኑ፤ ቶምስኪ በዚያው ወር ራሱን ገደለ። ሩድዙታክ በ1938፣ ሎዞቭስኪ በ1952 ተረሸኑ። በአልጋቸው የሞቱት ካሊኒን፣ ፔትሮቭስኪና ስታሊን ናቸው። ከሌሎቹ መድረኮች ደግሞ ትሮትስኪ በ1940 ሜክሲኮ ላይ ተገደለ፤ ክሮንሽታት የዘመተው ቡብኖቭ በ1938፣ ጥቃቱን የመራው ቱካቼቭስኪ በ1937፣ ክልከላው ይጥበቅ ያለው ሪያዛኖቭ በ1938 ተረሸኑ። ራዴክ በ1939 እስር ቤት ውስጥ ሞተ። ኮሎንታይ ብቻ ተረፈች፤ ኖርዌይ፣ ሜክሲኮና ስዊድን እየተላከች በዲፕሎማትነት ኖራ በ1952 ሞስኮ ውስጥ አረፈች። እንዴት ተረፈች ብለው ተማሪዎቼ ሲጠይቁኝ ሩቅ ስለነበረች፣ ዝም ማለትንም ስለተማረች ነው እላለሁ።

ሽሊያፕኒኮቭ ዝም አላለም፤ በ1933 ከፓርቲው ተባረረ፤ በ1935 መጀመሪያ ተያዘ። እንደ ሌሎቹ በአደባባይ ችሎት አቁመው ሊያናዝዙት አልቻሉም፤ ጥፋተኛ ነኝ አላለም። ሴፕቴምበር 2 ቀን 1937 በዝግ ችሎት ተፈርዶበት በዚያው ዕለት ተረሸነ። ፍርድ ቤት ከወንጀል ነጻ ያደረገው በ1963 ነው፤ ቃለ ጉባኤው በታተመበት በዚያው ዓመት። የፓርቲ አባልነቱ ግን ያኔ አልተመለሰለትም። ያ የተመለሰው በ1988 ሲሆን ፓርቲው ራሱ ሩሲያ ውስጥ በ1991 ታገደ።